የቀዩ ቡድን ሞልቶ ነበር

«ነጭ ወይን አልወድም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንደደጋገምኳት እንጃ። ግብዣ ላይ ጠርሙስ የያዘ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ መዳፌን ብርጭቆው አፍ ላይ ጣል አድርጌ «ቀይ ካለ» እላለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እንደ ጫማ ቁጥር ነገር ነበር። አንዴ ከታወቀ ማን ደግሞ ይለካዋል?

ወይን ክለብ የገባሁትም ለቀይ ብዬ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አባል ናት። ሰኞ ሰኞ ስለጠጣችው ወይን ስታወራ ታስቀናኛለች። አሠራሩ ቀላል ነው። በየወሩ ሦስት ጠርሙስ የያዘ ካርቶን ቤት ድረስ ይመጣል። ምን እንደሚመጣ አባሉ አይመርጥም፤ የክለቡ መራጭ ነው የሚመርጠው። በወሩ መጨረሻ ደግሞ አንድ ማታ ተሰብስቦ አብሮ መቅመስ አለ። ቡድኑ ሁለት ነው፣ ቀይና ነጭ። ለመመዝገብ ስደውል ግን «የቀዩ ቡድን ሞልቷል» ተባልኩ። «በነጩ ቦታ አለን። እስከዚያው እዚያ ይቆዩና ሰው ሲወጣ እንደውልልዎታለን።»

እስከዚያው ብዬ ገባሁ።

ወይንን ተሰብስቦ መግዛት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ብሪታኒያ ውስጥ ያለው ዘ ዋይን ሶሳይቲ የተቋቋመው በ1874 ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አጀማመሩ ደስ ይላል። ለንደን ውስጥ ሮያል አልበርት አዳራሽ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከፖርቱጋል የመጡ የወይን በርሜሎች ምድር ቤት ተቀምጠው ተረሱ። እነሱን ለማስተዋወቅ ምሳ ተዘጋጀ። ምሳው ላይ የተገናኙት ሰዎች «ለምን ሁሌ እንዲህ አናደርግም?» ብለው ክለብ መሠረቱ። ዛሬም ባለቤቶቹ አባላቱ ራሳቸው ናቸው። የእኔ ክለብ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ አንድ ሰው፣ አንድ መጋዘን፣ ጥቂት አባላት። ሐሳቡ ግን ያው ነው። የተረሳ በርሜል ሁሌም አለ፤ የሚያገናኝ ሰው ነው የሚጠፋው።

የመጀመሪያው ካርቶን ሲመጣ ባለቤቴ ከፍቶ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ሦስቱም ነጭ ናቸው» አለ፣ እንደማላውቅ ሁሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ ማን ሊጠጣቸው ነው?»

«አንተ።»

አንዱ ከጀርመን ሞዘል ሸለቆ የመጣ ሪዝሊንግ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ማታ ከፍተን ቀዳን፣ ቀመስኩ። ምንም። ቀዝቃዛ፣ ኮምጣጣ፣ ውኃ ነገር። «አላልኩህም?» ብዬ ብርጭቆዬን እዚያው ትቼ ስልክ ሳወራ ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ስመለስ ብርጭቆዬ ውስጥ ሌላ መጠጥ አገኘሁ። አረንጓዴ ፖም ይሸታል፣ የሎሚ ልጣጭ ይሸታል፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸታል። ትንሽ ጣፈጥ ይላል፤ ጣፋጩን ግን ኮምጣጣው ልጓም አስገብቶ ይዞታል። ባለቤቴ ሌላ ጠርሙስ የከፈተ መስሎኝ ዞሬ ሁሉ አየሁ።

ነገሩ ተአምር አይደለም። የቤት ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። መዓዛ ማለት ከፈሳሹ ተንኖ አፍንጫችን የሚደርስ ነገር ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ መትነኑን ያፍነዋል። ኮምጣጣነቱ ግን ምላስ ላይ ስለሆነ አይደበቅም፤ እንዲያውም ብቻውን ቀርቶ ይጮኻል። ቀለል ያለ ነጭ ወይን ከ7 እስከ 10 ዲግሪ፣ ሞላ ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን ነው ደህና የሚጠጣው። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ወይኑን ሳይሆን ፍሪጁን ኖሯል።

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ጠጥቶ «ጥሩ ነው» አለ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የክለቡ መራጭ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስለ ወይን የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቃል ያበዛሉ፤ እሳቸው ግን ቀድተው ዝም ነው። የመጀመሪያው የቅምሻ ማታ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ብርጭቆ ቀረበልን። ብርጭቆዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ አይታይም። «የትኛው ነው ቀዩ?» አሉን።

እኔ እንግዲህ የቀይ ሰው ነኝ። ግራውን አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ቫኒላና እንጨት የሚሸት። ጊዜም አልወሰደብኝ። «ግራው!» አልኩ ከሁሉ ቀድሜ። አብዛኛው ሰው ተከተለኝ።

ሁለቱም ነጭ ነበሩ። ግራው በኦክ በርሜል የቆየ ሻርዶኔ ነው፤ ሆን ብለው ሳያቀዘቅዙት የቀዱት። አፈርኩ። ጋሼ ግን አልሳቁብኝም። «አይዞሽ» አሉኝ፣ «የተማሩትም ተሸውደዋል።» ከዚያ በ2001 የታተመውን የቦርዶውን ሙከራ ነገሩን። ሞሮ፣ ብሮሼና ዱቡርዲዩ የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ናቸው ያካሄዱት። 54 የወይን ጠመቃ ተማሪዎች ነጭ ወይን ቀረበላቸው። ያው ነጭ ወይን ደግሞ ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ነጩን በነጭ ወይን ቃላት ገለጹት፣ ሎሚ፣ ኮክ፣ ማር እያሉ። የተቀለመውን ግን ለቀይ ወይን በሚሆኑ ቃላት ገለጹት። አፍንጫቸው ዓይናቸውን ታዞ ነው።

ያን ማታ ቤት ስገባ የተሰማኝ እፍረት ብቻ አልነበረም። አንድ ጥያቄም ተከትሎኝ ገባ። ቀይና ነጩን መለየት ካልቻልኩ «ነጭ አልወድም» የምለው ምኑን ነው?

የነጭ ወይን ነጭነት ራሱ አስቂኝ ነገር ነው። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ፍሬ ሥጋው ቀለም የለውም። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ከፈላ ቀይ ወይን ይሆናል። ፍሬው ገና እንደተለቀመ ተጨምቆ ልጣጩ ከተጣለ ግን ከጥቁር ፍሬም ነጭ ወይን ይወጣል። ሻምፓኝ ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ሦስት ዝርያዎች ሁለቱ፣ ፒኖ ኑዋርና ሙኒዬ፣ ጥቁር ናቸው። በተቃራኒው ነጩን ፍሬ ከነልጣጩ ብታፈሉት ብርቱካንማ ወይን ይወጣላችኋል። ጆርጂያውያን መሬት ውስጥ በሚቀበር ክቬቭሪ በሚባል ትልቅ ጋን እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዩኔስኮም አሠራሩን በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶላቸዋል። አንዱን ጋሼ አቅምሰውናል። ጉሽ ነው፤ ምላስ ያደርቃል፤ እንደ ሻይ ቅጠል ነገር አለው። ሁለት ጊዜ ካልቀመሱት አይገባም። እኔ ሦስቴ ቀምሼው ገና እያሰብኩበት ነው።

ከዚያ በኋላ ካርቶኑን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሙስካዴ መጣ፣ ከፈረንሳይ ሎዋር ወንዝ ማዶ፣ ባሕሩ አጠገብ። የሚሠራበት ዝርያ ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። በ1709 የነበረው አስከፊ ክረምት የአካባቢውን ተክል ሲፈጀው ገበሬዎቹ ብርድ የሚችለውን ይህን ዝርያ መርጠው ተከሉት። በራሱ ብዙ ጣዕም የለውም። ስለዚህ ክረምቱን በአምቡላው ላይ ያሳድሩታል፤ የሞተውን እርሾ ሳያጠሩት እዚያው ላይ ይተዉታል። እርሾው እየፈረሰ ወይኑን ያሰባዋል፤ የሊጥ ሽታም ይተውበታል። የሰፈር ልጅ ዓይነት ወይን ነው፤ ምንም አይኮፈስም። ወደድኩት።

ግሩነር ቬልትሊነር ከኦስትሪያ መጣ። ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ ለቁንዶ በርበሬ ሽታውን የሚሰጠው ሮተንዶን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ ወይኑም ውስጥ አለ። ጌቩርትስትራሚነርም መጣ፤ ጽጌረዳ በብርጭቆ ነው። ለሽቶ ጥሩ ነው፤ ለመጠጥ ግን በዛብኝ።

ያስደነገጠኝ አሲርቲኮ ነው። ከግሪክ ሳንቶሪኒ ደሴት። ስለዚህኛው ትንሽ ልቆይበት። ደሴቷ የእሳተ ገሞራ ቅሪት ናት። አፈሯ አመድና ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ንፋሱ አያድርስ ነው፣ በጋውን ዝናብ የሚባል የለም። ወይን እንደ ሌላው አገር በሽቦ ተደግፎ ቢቆም ንፋሱ ይገነጣጥለዋል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ሐረጉን እያዞሩ መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑታል፤ ኩሉራ ይሉታል። ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ተደብቆ ያድጋል። ሌላም ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ተባይ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ገብታ የወይኑን ሥር እየመጠጠች አህጉሩን አራቆተችው። መፍትሔው የአውሮፓውን ቅርንጫፍ ተባይዋን በሚችለው በአሜሪካው ሥር ላይ ገጥሞ መትከል ሆነ። ዛሬ የምንጠጣው አብዛኛው ወይን የተውሶ ሥር ላይ የቆመ ነው። ሳንቶሪኒ ግን ተባይዋ በዚያ አሸዋማ አፈር መኖር ስላልቻለች ወይኑ በገዛ ሥሩ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከጠጣሁት በኋላ ነው፤ እንኳንም በኋላ ሆነ። ስጠጣው የታወቀኝ ሎሚ፣ ጨው፣ ጭስ ነበር። ያን ሁሉ ፀሐይ ጠጥቶ ኮምጣጣነቱን አለመልቀቁ ይገርማል። «ይሄ ወይን እልኸኛ ነው» አልኩት ባለቤቴን። «ጥሩ ነው» አለኝ።

በአራተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ ሽናን ብላን መጣ። ከፍቼ ሳሸተው የረጠበ ካርቶን፣ የሻገተ ምድር ቤት። ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር ከ1 እስከ 5 ነጥብ የምንሰጥበት ወረቀት አለ። ሳላቅማማ 1 ጻፍኩ። ቅምሻው ማታ ጋሼ ወረቀቴን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ? ምን አገኘሽበት?»

«የረጠበ ካርቶን ይሸታል፣ ጋሼ።»

«ቡሹንስ አሸተትሽው?»

«ቡሽ ደግሞ ምን ብሎ ይሸተታል?»

«ልጄ፣ እሱ እኮ የታመመ ወይን ነው። አንቺ ሽናን ብላንን ቀመስኩ ትያለሽ፤ አልቀመስሽውም።»

በሽታው ቲሲኤ ይባላል። ቡሹ ውስጥ ያለ ሻጋታ ከክሎሪን ውህዶች ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ነገር ነው። ሃንስ ታነር የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ነው በ1981 መንስኤውን የለየው። አፍንጫችን ለዚህ ነገር ያለው ስሜት አይታመንም፤ በሊትር ውስጥ የግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት እጅ ይበቃዋል። ጤና አይጎዳም። ወይኑን ግን ይገድለዋል። ደግሞ አንዳንዴ ሳይሸት የወይኑን መዓዛ ብቻ አፍኖ ዝም ይላል፤ ያኔ ሰው «ደካማ ወይን ነው» ብሎ ያልፈዋል። የአውስትራሊያ ክሌር ሸለቆ ሪዝሊንግ ጠማቂዎች በዚህ ተማረው በ2000 በጋራ ወደ ተጠምዛዥ ክዳን ተሻገሩ። ክዳኑን ጠምዝዞ የሚከፈት ወይን ርካሽ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። እኔም እል ነበር።

ጋሼ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ወይን ሌላ ጠርሙስ ላኩልኝ። ማር ይሸታል፣ የበሰለ ፖም ይሸታል፣ ጣፋጭ ግን አይደለም፤ ድራይ ነው። ሽናን ብላን አገሩ ፈረንሳይ ሎዋር ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚተከለው ግን ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያ ስቲን ሲሉት ኖረዋል። እንደ ጠማቂው ፍላጎት ድራይም ይሆናል፣ ጣፋጭም ይሆናል፣ አረፋማም ይሆናል። 1 የሰጠሁት ወይን 5 ሆነ። ወረቀቱን ሰርዤ ስጽፍ እጄ ትንሽ ከበደኝ። ስንት ነገር ላይ እንዲህ በታመመ ጠርሙስ ፈርጄ ይሆን እያልኩ።

ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት ግን ሻርዶኔ ነው። ቅቤ ቅቤ የሚለውን ሻርዶኔ ቀምሼ «ይሄ ነው ሻርዶኔ» ብዬ የዘጋሁት ዱሮ ነው። ጋሼ አንድ ማታ ሻብሊ የሚባል የፈረንሳይ ነጭ ወይን ቀዱልኝ። ቅቤ የለም፣ ቫኒላ የለም። ቀጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የኖራ ድንጋይ የሚሸት። ይሄም ሻርዶኔ ነው። ቅቤው ለካ የፍሬው አይደለም። ከመጀመሪያው ፍላት በኋላ ባክቴሪያዎች ፖም ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ወተት ውስጥ ወዳለው ለስላሳ አሲድ ይቀይሩታል። በዚያ መካከል ዲያሴቲል የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ የቅቤው ሽታ እሱ ነው። ቫኒላውም የበርሜሉ ነው። ስለዚህ ሻርዶኔ ብዬ የጠላሁት የጠማቂውን ውሳኔ ነበር።

የሻርዶኔ የዘር ነገር ደግሞ ልብ ወለድ ይመስላል። በ1999 የታተመ የዘረመል ጥናት ወላጆቹን አወጣ። አንዱ ወላጅ የከበረው ፒኖ ነው። ሌላው ጉዌ ብላን የሚባል፣ ተራ ወይን ይሰጣል ተብሎ ለዘመናት ሲናቅ የኖረ፣ ባለሥልጣናት በተለያየ ጊዜ እንዳይተከል የከለከሉት ዝርያ ነው። ሁለቱ በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ሲኖሩ ተዳቅለው ሻርዶኔን ወለዱ። ሻርዶኔን ብቻም አይደለም፣ ጋሜን፣ አሊጎቴን፣ የሙስካዴውን ሜሎንንም ጭምር። ያ የተናቀው ባይኖር የዓለም የወይን ጠረጴዛ ግማሹ ባዶ ነበር። (ግማሹን ከስሜት ነው ያልኩት፤ ለቁጥር አትያዙኝ።)

በስድስተኛው ወር ከክለቡ ተደወለልኝ። «የቀዩ ቡድን ውስጥ ቦታ ተገኝቷል።» «ለሌላ ሰው ስጡት» አልኩ። በቃ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

የምለው ያለኝ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ወረቀቱ ላይ ነጥብ ስሰጥ ቆየሁ። ለሹል፣ ለኮምጣጣ፣ ድንጋይ ድንጋይ ለሚለው ሁሉ 5። ለወፍራሙና ለሽቶው 2። ጋሼም ወረቀቱን የሚያነቡ ሰው ናቸው። ካርቶኑ ቀስ በቀስ ወደ እኔ መጣ። አልባሪኞ ከስፔን፣ ሌላ ሪዝሊንግ፣ ሌላ አሲርቲኮ፣ እንደገና ሻብሊ። ሁሉም ጥሩ ነበር። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ማታ አንድ ጠርሙስ ከፍቼ ስንተኛው እንደሆነ፣ ምን እንደሆነም ሳላስተውል ግማሽ ብርጭቆ ጠጣሁ። ስሙን ለማየት ጠርሙሱን ማዞር ነበረብኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። ካርቶኑ መስታወት ሆኗል። «ቀይ ካለ» ትል የነበረችው ሴት ተመልሳ መጥታ «ኮምጣጣ ካለ» እያለች ነው።

ዱሮ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ አባል ነበርኩ። እዚያ መራጩ ኮምፒውተር ነበር። መግቢያው ላይ ስለምወደው ነገር አምስት ስድስት ጥያቄ ጠየቀኝና እስክወጣ ድረስ ያንኑ ላከልኝ። ለመውጣት ደግሞ ሦስት ጊዜ ስልክ መደወል ነበረብኝ፤ ሁለት ካርቶን ተጨማሪ መጥቶብኝ ነው የተላቀቅነው። ክለብ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ከወይኑ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማን ነው የሚመርጠው? መውጣት ስፈልግ እንዴት ነው የምወጣው? መልሱ ከተንዛዛ ይቅርባችሁ።

ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ካርቶኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።»

«ማን አደረገው? ነጥብሽን ተከትዬ ነው እኮ።»

«ታዲያ ነጥብ መስጠት ልተው?»

ትንሽ አሰቡ። «ስጪ። ግን አንድ ነገር እንሞክር። ዓመቱን ሙሉ ከላክሁልሽ በጣም የጠላሽው የቱ ነው?»

ማሰብ አላስፈለገኝም። «ቪዮኜ።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ለካ የሚወዱት ወይን ነው። ቪዮኜ በ1960ዎቹ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ፈረንሳይ ሮን ወንዝ ዳር ኮንድሪዩ የምትባል መንደር ገደላ ገደሉ ላይ ጥቂት ሄክታር ብቻ ቀርቶ ነበር። ዳገቱ ገበሬ ያደክማል፣ ምርቱ ትንሽ ነው፣ ተክሉ በሽታ አያጣውም። ሰዉ ትቶት ወደ ፋብሪካ ሥራ ሄደ። ጥቂት እልኸኞች ያዙት። ዛሬ ካሊፎርኒያም አውስትራሊያም አለ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ስለ ወይን ሳይሆን ከሞት ስለተረፈ ዘመድ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

«አንድ ጠርሙስ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። «ደህና አድርገሽ ክፈቺው። ካልወደድሽው አትዋሺኝ።»

ደህና አድርጌ ከፈትኩት። ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ቡሹን አሸተትኩ፤ ጤነኛ ነው። ሰፋ ያለ ብርጭቆ አመጣሁ፣ ሲሶውን ብቻ ሞላሁ። ኮክ፣ አፕሪኮት፣ የሌሊት አበባ ሽታ ከብርጭቆው ተግተልትሎ ወጣ። ቀመስኩት። ወፍራም ነው፣ ዘይት ዘይት ይላል፣ አፍ ሙሉ ነው። ከዚያ ኮምጣጣው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ወንበር አለ ብሎ እንደተቀመጠና መሬት እንዳገኘው ሰው ሆንኩ። ሁለተኛ ቀመስኩ። ሦስተኛ ቀመስኩ። የጋሼን ፊት አስታውሼ ልወደው ሞከርኩ፣ የኮንድሪዩን ገደል አሰብኩ። አሁን ምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ለምን እንዳልወደድኩትም ገብቶኛል። አልወደድኩትም።

ቀና ስል የባለቤቴ ብርጭቆ ባዶ ነው። ጠርሙሱን ወደ ራሱ ስቦ እየቀዳ ነው። አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ የሚበቃው ሰው ነው፤ ሲደግም አይቼው አላውቅም።

«ጥሩ ነው?» አልኩት።

«ጥሩ?» አለኝ። «ወይን ማለት ይሄ ነው እንጂ! ዓመቱን ሙሉ ሎሚ ስታጠጪኝ ከርመሽ!»

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ስትል አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበል? እንደዚያ ደስ ብሎሽ እያየሁ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ያን ሁሉ ወር ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ብቻ ነኝ። ካርቶኑ ግን የመጣው ለሁለታችን ነበር።

ወረቀቱን አወጣሁ። አትዋሺኝ ብለውኛል፤ ቪዮኜ በሚለው መስመር ላይ 2 ጻፍኩ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ጎኑ ላይ 5 ጻፈበት።